«ከለር ያላመጣ አይሥል» ያልኩ ዕለት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ «ቲቸር፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ዕቃ አለዎት» አለኝ። ሆሳዕና ላይ እንዲህ ዓይነት ስልክ አዲስ ነገር አይደለም። ከሀዲያም ይሁን ከከምባታ ደቡብ አፍሪካ ልጅ፣ ወንድም ወይም አማች የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እኔ ግን እዚያ የቅርብ ዘመድ የለኝም። ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ ሄድኩ። ሰውየው መናኸሪያ አካባቢ አንድ ካፌ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ስሜ ከነአባቴ በትክክል ተጽፎበታል።

ቤት ገብቼ ፈታሁት። 24 ከለር ያለው የውሃ ቀለም ሳጥን፣ ሦስት ብሩሽ፣ ወረቀቱ ወፈር ያለ የሥዕል ደብተር። ከውስጥ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለች፦

«ቲቸር፣ ከለር ያላመጣ አይሥል ብለው ነበር። ይኸው አመጣሁ።»

ምን ልበላችሁ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2007 ዓ.ም. ነው። ማስተማር ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ማርክ የምቆጥብ፣ ሲበዛ ኮስታራ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። (የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አትሳቁ።) ለ9ኛ ክፍል «ቤታችሁ አካባቢ ያለ አንድ ተክል ሥላችሁ፣ ክፍሎቹን ሰይማችሁ፣ ከለር ቀብታችሁ አምጡ፤ ከ10 ይያዛል» አልኳቸው። ከለር ያልኩት ሱቅ የሚሸጠውን ባለ 12 የቀለም እርሳስ ነው። ያንን መግዛት የማይችል ልጅ እንዳለ አላሰብኩም ብላችሁ ውሸቴን ነው። አስቤዋለሁ። «ይዋዋሳሉ» ብዬ አለፍኩት።

አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከከምባታ ገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር፣ ጸጥ ያለ ልጅ ነው። የሣለው እንሰት ነበር። አፈሩን በእውነተኛ ቀይ አፈር፣ ቅጠሉን በቅጠል ጭማቂ፣ መስመሩን በከሰል ሠርቶታል። ወረቀቱ ርሶ ደርቆ ተጨማዷል። ከሥሩና ከላዩ የነበሩትን የጓደኞቹን ወረቀቶችም አቆሽሿል። እኔ ሆዬ ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አሳየሁትና «ይሄ ሥዕል ነው ወይስ ጭቃ ላይ የወደቀ ወረቀት?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁም አብሮ ሳቀ። እስከዛሬ የምታመኝ ያቺ የሱ ሳቅ ናት። ቀጠልኩና «ሁለተኛ፣ ከለር ያላመጣ አይሥል!» አልኩ።

ይሄም አልበቃኝም። በቅጠሉ መሃል የሚያልፈውን ወፍራም መስመር በቀይ አፈር ነበር የሠራው። በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩበትና «ቅጠል አረንጓዴ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከ10 3 ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ሲሥል አይቼው አላውቅም። 10ኛን ጨርሶ ከዓይኔ ጠፋ። እንደ ብዙዎቹ በሞያሌ በኩል ወጣ ሲባል ሰማሁ።

አሁን ወደ መጋቢት 2012 ልውሰዳችሁ። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ከፔዳጎጂ ክፍል ያረጁ የትምህርት መርጃ ሥዕሎችን ላድሳቸው ቤት ወሰድኩ። መምህራን ታውቁታላችሁ፣ በነጭ ማዳበሪያ ጆንያ ጀርባ በማርከር የሚሣለውን ልብ፣ ዓይን፣ የአበባ ክፍል። ብዙዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ግድግዳ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ከርመው ቀዩ ሮዝ፣ ሰማያዊው አመድ መስሏል። ከአሮጌ ወረቀቶች መሃል የዚያ ልጅ እንሰት ወጣ። ለምን እንዳልመለስኩለት አላስታውስም።

አረንጓዴው እንደ ደረቀ ሣር ቡኒ ሆኗል። ከሰሉ ትንሽ ተነካክቷል እንጂ አለ። ቀዩ አፈር ግን ትናንት የተቀባ ይመስል ነበር።

ገዝቼ የሠራሁበት ማርከር ጠፍቶ፣ «ጭቃ» ያልኩት ቀርቷል። ምክንያቱን ሳስበው ደግሞ የራሴው ትምህርት ነው። የቅጠል አረንጓዴ ክሎሮፊል ነው፤ ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ እየፈረሰ ይሄዳል። የአፈር ቅላት ግን የብረት ዝገት ነው። ዝጎ የጨረሰ ነገር ደግሞ ብርሃንም ሆነ አየር ብዙ አይጎዳውም። ይሄን ለፈተና ሳስተምር ኖሬ፣ ሲሠራ ያየሁት ከ10 3 በሰጠሁት ወረቀት ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን በየቀኑ አንድ ትንሽ ሥዕል መሥራት ጀመርኩ። መዳፍ የምታህል። ወረቀቱ የድሮ ፈተና ጀርባ ነው። ሕጉ አንድ ብቻ፦ በገንዘብ የተገዛ ከለር የለም። ያየሁትን ነው የምሥለው፤ ጀበና፣ የቆመ ባጃጅ፣ ዝናብ የመታት ዶሮ፣ አማቴ ጓሮ ያለ እንሰት። አንዳንዱን እዚህ ስለጥፍ አይታችኋል። «በምንድን ነው የሠራኸው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ መልሱ ይኸው።

ከሰል። የምድጃ ከሰል ለሥዕል ጠጣር ነው፣ ወረቀት ይቧጥጣል። ቀጫጭን የባህር ዛፍ ቀንበጥ ልጣጩን ልጬ የሳልሳ ቆርቆሮ ውስጥ እደረድራለሁ። ክዳኑን በምስማር በስቼ እሳት ውስጥ እከተዋለሁ። ከቀዳዳው ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ሲያቆም አወጣውና ሳልከፍተው አቀዘቅዘዋለሁ። ሙቅ እያለ ከተከፈተ አየር ያገኝና አመድ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን እንዲህ አድርጌ ነው ያበላሸሁት። ሥዕሉ እንዳይነካካ ደግሞ ቅባቱ የወጣለት ወተት በውሃ አቅጥኖ በስሱ መርጨት ነው።

ጥቁር ቀለም። የኩራዝ ጥላሸት ሰብስቤ ውሃ ጨመርኩበት። እምቢ አለ፤ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ጥላሸት ውሃ አይወድም። ጥቂት ጠብታ አልኮል ካገኘ ግን ይረጥባል። ፋርማሲ አልኮል ያጣሁ ቀን ታዲያ አንድ መለኪያ አረቄ ልገዛ ወጣሁ። አረቄውን ይዤ ከቤቱ ስወጣ ፊት ለፊት ከማን ጋር ብገናኝ ጥሩ ነው? ከአጥቢያችን ሽማግሌ ጋር! «ለቀለም ነው ጋሼ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብለውኝ አለፉ። እስከዛሬ ያመኑኝ አይመስለኝም። ብቻ ጥላሸቱ ረጠበ። የግራር ሙጫ በውሃ አሟሙቼ ሳሽበት የሚያበራ ጥቁር ወጣው።

አፈር። ይሄ የኔ ፍቅር ነው። አፈሩን በብዙ ውሃ አማስሎ፣ ጠጠሩና አሸዋው እስኪዘቅጥ ትንሽ መጠበቅ፤ ከላይ ያለውን ድፍርስ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ፤ እሱን ማሳደር። ጠዋት ላዩ ጠርቶ ታች እንደ ቅባት የለሰለሰ ጭቃ ይገኛል። እሱን አድርቆ መፍጨት፣ በአሮጌ ነጠላ መንፋት፣ ከሙጫና ከጥቂት ማር ጋር ማሸት። ማሩ ቀለሙ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። ሱቅ የሚሸጠው የውሃ ቀለምም ሥሪቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንድ ቀን ደግሞ ቢጫ አፈር በተሰበረ ምጣድ ላይ ቆላሁ። ልክ እንደ ቡና እያማሰልኩ። ዓይኔ እያየ ቢጫው ብርቱካን፣ ከዚያ ቀይ ሆነ። በቢጫው ብረት ውስጥ ያለው ውሃ ሲወጣ ቀይ ይሆናል። ልጆቼን ጠርቼ እንዲያዩ አደረግኩ። ባለቤቴ «ደግሞ አፈር ትቆላልን ጀመር?» አለች።

ያልተሳካውም ብዙ ነው። አፈር በዕንቁላል አስኳል አሽቼ የተረፈውን ብርጭቆ ውስጥ ረሳሁት፤ በአራተኛው ቀን ሽታው ከቤት አስወጣን። በእርድ የሣልኩት ቢጫ ወፍ በጣም አምሮ ነበር። ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ መስኮት ላይ አቆየሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርቶኑን ሳነሳ፣ የተሸፈነው ቢጫ ነው፣ ያልተሸፈነው የለም ማለት ይቻላል። እርድ ለወጥ እንጂ ፀሐይ ለሚያየው ሥዕል አይሆንም። ቡላ ግን አላሳፈረኝም፤ በውሃ ሳበስለው ጥሩ ሙጫ ወጣው፣ የተቀደዱትን ጆንያዎች ሁሉ የለጠፍኩት በሱ ነው። (አማቴ ቡላ ለአታካና እንጂ ለጆንያ መዋሉን እንዳይሰሙ፣ አደራ።)

ይሄን ሁሉ ስሠራ አዲስ ነገር የፈለሰፍኩ መስሎኝ ነበር። ሳነብ ነው የነቃሁት። ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ በሚባል ዋሻ ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ የቀለም አፈር ቁርጥራጭ ከነመፍጫ ድንጋዩ ተገኝቷል፤ ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥቁር ቀለማቸውን ሱቅ አልገዙትም። ከጥላሸትና ከተቆላ እህል እያዘጋጁ፣ በመቃ ብዕር ጽፈውበት፣ ይኸው ለዘመናት አልጠፋም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከዱራሜ ወረድ ብሎ ሀላባ ያለ ሰው ያውቀዋል። የሣር ቤቶቹ ግድግዳ ከውጭም ከውስጥም በቀለም ያጌጠ ነው፤ እንስሳው፣ ሰዉ፣ መስመሩና ክቡ። በመኪና ስናልፍ በመስኮት አይተን «ያምራል» ብለን የምናልፈው የሰው ሥራ ነው። እኔም ስንቴ በዚያ መንገድ አልፌ፣ ያንን እያየሁ መጥቼ፣ ክፍል ገብቼ ልጁን «ጭቃ» አልኩት።

ትልልቆቹም ሠዓሊዎቻችን ቢሆኑ ቁሳቁስ አልናቁም። እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንና ፓሪስ ተምሮ፣ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያስተማረ ሰው ነው፤ በፍየል ቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል። ኤልያስ ስሜ የልብስ ቁልፍ፣ የአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሽቦና የኮምፒውተር ኪቦርድ ቁልፍ ሰብስቦ ሥራው ዓለምን ዞሯል። እሱና መስከረም አሰግድ በ2011 አዲስ አበባ መካኒሳ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው። አያቶቻችን ቤት የሠሩበት ጭቃና ጭድ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ።

ሥዕሉን ካገኘሁ ከጥቂት ወራት በኋላ አማቴ ጓሮ ቁጭ ብዬ እንሰት እሥል ነበር። ቀና ብዬ ሳይ የአንዱ ቅጠል መሃል አጥንት ቀይ ነው። በጥላ ይሆን ብዬ ተጠጋሁ። ቀይ ነው! አማቴን ጠየቅኳቸው። «እሱማ ቀይ ነው፤ ያኛው ደግሞ ጥቁር ነው፤ ያ ወዲያ ያለው አረንጓዴ ነው» እያሉ በየስሙ ጠሩልኝ። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን የሚለዩት በዚያ ነው። ቀጥለው «አንተ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? ይሄን አታውቅም?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። እንሰት እየበላሁ አድጌ፣ ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ ቅጠሉን ቀና ብዬ አላየሁትም። ልጁ አይቶታል። በደንብ አይቶ፣ ያየውን የሚመስል ቀለም ከእግሩ ሥር ፈልጎ አግኝቶ ሣለው። እኔ ደግሞ ትክክሉን አክብቤ ስህተት ነው አልኩት። ስለ ከለር ብቻ ቢሆን ኖሮ «ያኔ ልጅ ነበርኩ» ብዬ ራሴን ባጽናናሁ። የቀጣሁት ግን በማየቱ ነው። መምህር ከዚህ የባሰ ምን ያጠፋል?

ከዚያ በኋላ በክፍሌ የተቀየረ ነገር አለ፤ የቅርብ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ። ተክል ሥላችሁ አምጡ ስል «በፈለጋችሁት ሥሩት» እላለሁ። ልጆቹ ከአንጋጫ፣ ከዶዮገና፣ ከሾኔ፣ ከፎንቆ አፈር በላስቲክ ቋጥረው ያመጣሉ። አንድ ካርቶን ላይ ትንሽ ትንሽ እየቀባን የቦታውን ስም እንጽፍበታለን። ቀይ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ስንት ዓይነት እንደሆነ ብታዩ! አንዱ ጡብ ይመስላል፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ የተቆላ ቡና።

ግን እንዳትሳሳቱብኝ። «ድህነት ጥበብ ያስተምራል፣ ከለር አያስፈልግም» እያልኩ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከለር ያለው ሰው ነው። ልጅ ከለር ማግኘት አለበት። አፈርም ሁሉን አይሰጥም፤ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ሰማያዊ የሚሆን አፈር አላገኘሁም። የልጁ እንሰትም ሰማይ አልነበረውም። ወረቀቱ ባዶውን ነው የቀረው። ከምን ያምጣው?

እንግዲህ ያ ሳጥን ለሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። መክፈት አፈርኩ። በአራተኛው ቀን ለሚያመላልሰው ሰው ደውዬ የልጁን ስልክ ተቀበልኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ ጽፌ ጽፌ አጠፋሁት። በጽሑፍ የማይሆን ነገር አለ። ስለዚህ ሣልኩ። እንሰቱን በአፈር ሠራሁት፣ መሬቱን በሆሳዕና ቀይ አፈር፣ የቅጠሉን መሃል አጥንት ደግሞ አንድ ተማሪዬ ከሱ አገር ባመጣው አፈር። ቅጠሉን ከሳጥኑ አረንጓዴ ቀባሁት፣ ቡኒ እንዳይሆንበት። ሰማዩን በሱ ሰማያዊ ሞላሁት። በስልክ ፎቶ አንስቼ ላክሁና ሥሩ ጻፍኩ፦ «ቀይ ነበር። አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። በክፍሉ ፊት ያልኩህን በሰው ፊት ነው የምመልሰው።»

የዛሬው ጽሑፍ እሱ ነው።

ማታ ላይ መልሱ በድምፅ መጣ። ከኋላው የሱቅ ጫጫታ ይሰማል፣ ሰው ዋጋ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው የጻፍኩት፣ ምን ሆኑ?» አለኝ። ትንሽ ዝም አለና «እንሰቱ የእናቴ ነው። ያኔም የእናቴን ነበር የሣልኩት። ከወጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው» አለ። ይሥል እንደሆነ ጠየቅኩት። «ጊዜ የለም ቲቸር። አንዳንዴ ሱቁ ጭር ሲል ካርቶን ላይ እሞነጫጭራለሁ» አለኝ። ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ለመንኩት። እስካሁን አልላከም። እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ጠየቀኝ። ያ የድሮው ወረቀት ካለ ለእናቱ እንዳደርስለት።

አለ። ከ10 3 የሚለውን አላጠፋሁትም፣ «ቅጠል አረንጓዴ ነው» የሚለውንም አልፋቅኩትም። ያጠፋሁትን እንዳላጠፋሁ ለማስመሰል አልፈለግኩም። አጠገቡ ግን በዚያው በአፈሩ ቀለም «10/10» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ። ከዋናው መንገድ ከወረድኩ በኋላ በእግር የሚያስኬድ አለው ብለውኛል።

መምህራን ወዳጆቼ፣ በየቁም ሣጥናችሁ እንዲህ ዓይነት ወረቀት አይጠፋም። እስቲ አውጥታችሁ እዩት።

እናንተ የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ባላችሁበት ሁሉ፣ ሆሳዕና የሚመጣ ሰው ስታገኙ የአካባቢያችሁን አፈር አንድ እፍኝ ላኩልኝ። ካርቶኑ ላይ ገና ብዙ ቦታ አለ። ሰማያዊ አፈር ያገኘ ካለ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ይደውል።

መልካም ሰንበት።